አሥራ አንድ ቀን በላስ ፓልማስ ወደብ

ኅዳር 5፣ ሐሙስ

ሻንጣዬ ውስጥ ከልብስ ስንቅ ይበዛል። ሦስት ኪሎ በሶ፣ ሁለት ኪሎ ቆሎ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ አንድ ላስቲክ ዳቦ ቆሎ። ከላይ ውሃ የማያስገባ ጃኬትና ሱሪ። ዛሬ ግራን ካናሪያ ደሴት፣ ላስ ፓልማስ ገባሁ። ከዚህ ወደብ ተነስተን፣ እግዜር ካለ፣ አትላንቲክን በሸራ ጀልባ አቋርጠን ካሪቢያን ውስጥ ሴንት ሉሺያ እንደርሳለን። 2,700 የባሕር ማይል ነው፤ ወደ 5,000 ኪሎ ሜትር።

ለእናቴ የነገርኳት ትናንት ማታ ነው። ቀደም ብዬ ብነግራት ሱባኤ ትገባብኝ ነበር። «ባሕር ላይ ሃያ ምናምን ቀን? ምን አጥተሽ ልጄ? አውሮፕላን ጠፋ?» አለች። መልስ አልነበረኝም።

ያደግኩት ባሕር ዳር ነው። ስሟ ባሕር ይኑርበት እንጂ የእኛ ባሕር ጣና ነው። አጎቴ ከዘጌ ማገዶ በታንኳ እየጫነ ያመጣ ነበር። እኔ ታንኳ ላይ የወጣሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ አልቅሻለሁ። ሸራ መሳብ የተማርኩት ነርስ ሆኜ በምሠራበት በስዊድን፣ ዮተቦሪ ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ አንድ ቅዳሜ «ነይ እስቲ» ብላ ጀልባ ክበባቸው ወሰደችኝ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜዬን ሌላ ቦታ አሳልፌ አላውቅም።

የጀልባዋ ባለቤት ጡረታ የወጡ የእንጨት ሥራ መምህር ናቸው፤ 67 ዓመታቸው። በስዊድንኛ ከንጉሡ ቤተሰብ በቀር ሁሉም ሰው «አንተ» ነው። አፌ አንተ ይላቸዋል፣ ሆዴ እርስዎ። በዚህ ማስታወሻ ላይ ጋሼ ናቸው፣ አለቀ።

ጀልባዋ 12 ሜትር ናት። በዕድሜ ከእኔ በሁለት ዓመት ትበልጣለች። መኝታዬ ከደረጃው ጎን ያለች ጠባብ ጉድጓድ ናት። የምገባው በእግሬ በኩል ነው፤ ዳቦ ምድጃ ውስጥ ሲገፋ እንደሚገባው።

ኅዳር 6፣ ዓርብ

የሽንት ቤቱ በር ላይ ወረቀት ተለጥፏል። 83 ሥራ ተጽፎበታል። ቀኑን ሙሉ ሠርተን ሰባቱን ሰረዝን። ማታ ስንቆጥር 91 ሆኗል። አንዱን ክዳን ስታነሳ ሁለት አዲስ ችግር ከሥሩ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል።

ከጋሼና ከእኔ ሌላ ሁለት ሰው አለን። አንዷ ከጋሊሲያ የመጣች ስፔናዊት ናት። አትላንቲክን ሁለት ጊዜ ተሻግራለች፣ ኩሽናው ግዛቷ ነው። ሌላው የ24 ዓመት ጀርመናዊ ልጅ ነው፤ ጋሼ እዚሁ ወደብ ላይ ነው ያገኙት። በኅዳር ላስ ፓልማስ የሰው ገበያ ነው። ጀልባ የሌላቸው ወጣቶች ጀልባዎቹ የሚታሰሩበትን መድረክ እየዞሩ «ሰው ይጎድላችኋል?» ይላሉ፤ ግድግዳ ላይ ወረቀት ይለጥፋሉ። የእሱ ወረቀት «ምግብ እሠራለሁ፣ ጊታር እጫወታለሁ፣ ባሕር አያመኝም» ይል ነበር። ጊታሩ እውነት ነው።

ሁሉም ሰው አሁን እዚህ የተሰበሰበው በምክንያት ነው። በካሪቢያን በኩል የአውሎ ነፋሱ ወቅት ከፈረንጆቹ ሰኔ እስከ ኅዳር መጨረሻ ነው። ቀድሞ የሄደ ከአውሎ ነፋስ ጋር ይገናኛል። ከኅዳር ማብቂያ ጀምሮ ግን ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው፣ መርከበኞች የንግድ ነፋስ የሚሉት፣ ረጋ ብሎ ይይዛል። ከጀርባ ስለሚገፋ ነው ይኼን ሁሉ ሰው የሚያማልለው። አርክ የሚባለው ትልቁ የጀልባዎች ጉዞም ከ1986 ጀምሮ በየዓመቱ በዚህ ወቅት ከዚሁ ወደብ ይነሳል። እኛ ግን ብቻችንን ነን። ጋሼ ሰልፍ አይወዱም።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

ዛሬ ሸራው የሚሰቀልበት ምሰሶ፣ ተራዳው ላይ ወጣሁ። 16 ሜትር ነው። ከሁሉም ቀላሏ አንቺ ነሽ ተባልኩ፤ በሕይወቴ ቀላል ነሽ ስባል የመጀመሪያዬ ነው። እንደ ዥዋዥዌ ያለ የሸራ መቀመጫ ላይ አስቀመጡኝ፣ ሁለት ገመድ አሰሩብኝ፣ ጀርመናዊው ልጅ በካሩኮላው ይስበኝ ጀመር። «ወደ ታች አትዪ» አሉኝ። አየሁ። የኪዳነ ምሕረትን ስም ጠራሁ።

ሥራዬ ግልጽ ነው። ተራዳውን ግራና ቀኝ ወጥረው የሚይዙት የብረት ገመዶች እያንዳንዳቸው ከ19 ቀጫጭን ሽቦዎች የተገመዱ ናቸው። ከሽቦዎቹ አንዷ እንኳ ከተበጠሰች ሌሎቹ ይከተላሉ፣ ከዚያ ተራዳው ራሱ ይወድቃል። በዓይን ደግሞ አትታይም። ስለዚህ ሶፍት ይዘህ ገመዱን ከላይ እስከ ታች ታሻሻለህ። የተበጠሰ ሽቦ ካለ ሶፍቱን ይይዘዋል። በጣት መሞከር ሞኝነት ነው፤ ሽቦው እንደ መርፌ ነው። ጋሼ ጠባሳቸውን አሳዩኝ።

ላይ ሁሉም ደህና። መሐል ላይ ደህና። እግሬ እየተንቀጠቀጠ ወረድኩ፣ «ንጹሕ ነው» ብዬ በኩራት ተናገርኩ። ጋሼ ሶፍቱን ተቀብለው የቀረውን ከጉልበታቸው በታች አሹት። በግራ በኩል፣ ገመዱ ብረቱ ውስጥ የሚገባበት ጋ፣ ሶፍቷ ቆመች። ጠጋ ብዬ አየሁ። ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ ነጭ ቁራጭ ሽቦዋ ላይ ተንጠልጥላ በነፋሱ ትርገበገባለች። 16 ሜትር ሰማይ ላይ ወጥቼ የፈለግኩት ነገር ጉልበቴ ሥር ነበር።

ጋሼ አልተናደዱም። ወረቀቱ ላይ 92 ብለው ጻፉ።

ኅዳር 8፣ እሑድ

ሥራ የለም። ቬጌታ የሚባለው የድሮው ሰፈር ሄድን። የኮሎምቦስ ቤት የሚሉት ሙዚየም እዚያ ነው። በ1492 ኮሎምቦስም እኛው ችግር ውስጥ ነበር። ፒንታ የምትባለው መርከቡ ገና ከስፔን እንደወጣች መሪዋ ተሰበረ፣ እዚሁ ደሴት ላይ አሠራት። ኒኛ የምትባለውንም ሦስት ማዕዘን ሸራዋን አስወልቆ አራት ማዕዘን አስደረገላት፤ ከጀርባ ለሚመጣ ነፋስ ያ ይሻላል። ከዚያ ላ ጎሜራ ከምትባል ጎረቤት ደሴት ተነሳ። ሰውዬው ወዳጄ አይደለም። ግን ጋራዥ የተንከራተተ ሰው መሆኑን ሳውቅ ትንሽ አዘንኩለት።

ማታ ጋሼ ቡና እያፈሉ «አንቺ የጣና ልጅ አይደለሽ?» አሉኝ። «አዎ» አልኩ። «እንግዲያው ይኼን ውቅያኖስ ሣራችሁ ቀድሞሻል።»

በ1961 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ 1969፣ እሳቸው የ12 ዓመት ልጅ ነበሩ። ቶር ሄየርዳል የሚባለው ኖርዌጂያዊ ራ የምትባል የደንገል ጀልባ ጊዛ፣ ፒራሚዶቹ አጠገብ አሠራ። የሠሯት ከቻድ ሐይቅ የመጡ ሰዎች ናቸው። ደንገሉ ግን የታጨደው ከጣና ነው። ከሞሮኮ፣ ከሳፊ ወደብ፣ ከሰባት አገር የመጡ ሰባት ሰዎች ተሳፈሩባት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት መሪ መቅዘፊያዎቿ ተሰበሩ። ቀስ በቀስ ኋላዋ ውሃ ውስጥ ይሰጥም ጀመር። ካሪቢያን ሊደርሱ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው ጥለዋት ወጡ።

ጋሼ ለዓመታት ሲያሰላስሉት የኖሩት የመስጠሟን ምክንያት ነው። የጥንት ግብፃውያን ሥዕል ላይ፣ ከተቆለመመው የኋላ ጫፍ ወደ ወለሉ የሚወርድ አንድ ገመድ አለ። ጫፉን ወጥሮ የሚይዘው እሱ ነው። ራ ላይ ያንን ገመድ ቸል አሉት። በሚቀጥለው ዓመት ከቦሊቪያ፣ ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ የአይማራ ሰዎች ሁለተኛዋን ራ ሠሩ፣ እሷ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች።

ደንገል ለእኛ የታንኳ ነገር ነው፤ ሲረጥብ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ሲበሰብስ ይጣላል። ውቅያኖስ አቋርጧል ቢሉት አጎቴ የሚስቅ ይመስለኛል። አንድ ነገር ግን ወዲያው ያምን ነበር፦ ነገሩ በገመዱ መሆኑን።

ኅዳር 9፣ ሰኞ

የብረት ገመድ የሚሠራው ባለሙያ «ነገ» አለ።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

«ነገ» አለ። እዚህ አገር «ማንያና» ይሉታል። ቃሉ ልዩ ነው እንጂ አነጋገሩን፣ የትከሻውን አያያዝ፣ ሳቁን ሁሉ አውቀዋለሁ። ጋሼ እንደ ስዊድናዊ ሰዓታቸውን ያያሉ። እኔና ስፔናዊቷ ገበያ ሄድን።

ገበያው ውስጥ አንድ ሱቅ ቆሜ ቀረሁ። ቡናማ ዱቄት በግልጽ ከረጢት ተቀምጧል። ሽታው! ገብስ በምጣድ የተቆላበት ቤት ሽታ። ሴትዮዋ በማንኪያ ዘግና መዳፌ ላይ አደረገችልኝ። ቀመስኩ። በሶ ነው። በቃ፣ በሶ! «ጎፊዮ» ነው የሚሉት። ስፔኖች ከመምጣታቸው በፊት የነበሩት የደሴቶቹ ሰዎች ገብስ ቆልተው፣ ፈጭተው ይበሉት የነበረ ምግብ ነው፤ ዛሬ የበቆሎም የስንዴም አለ። በውሃ ያሹታል፣ በወተት ይጠጡታል፣ በማር ይለውሱታል። ከእኔ ቤት ሦስት ኪሎ ተሸክሜ መምጣቴ ትዝ ሲለኝ ብቻዬን ሳቅሁ። ሁለት ኪሎ ጨመርኩ። ስፔናዊቷ ዓይኗን አጉረጠረጠች። «ማዕበል ሲመጣ ምድጃ አይለኮስም፣ ያኔ ታመሰግኚኛለሽ» አልኳት።

ኅዳር 11፣ ረቡዕ

የስንቅ ቀን። ይኼን በደንብ ልጻፈው፣ ብዙ ተምሬበታለሁና።

መጀመሪያ ደንቡ፦ ካርቶን ጀልባ ውስጥ አይገባም። አንድም። በረሮ እንቁላሏን ካርቶኑ እጥፋት ውስጥ ትጥላለች፣ ባሕር መሐል ይፈለፈላል። ስለዚህ ሁሉንም መድረኩ ላይ ፈታን፣ ካርቶኑን ጣልን። አትክልቱን አንድ በአንድ አጠብን፣ በጥላ አደረቅን። የቆርቆሮ ምግቡን ወረቀት ልጠን በማርከር ጻፍንበት። ወረቀቱ ከረጠበ ይላቀቅና ወለል ሥር ወርዶ የፓምፑን አፍ ይደፍናል። ውሃ ሲገባብህ ደግሞ ፓምፑ የማይሠራው በባቄላ ወረቀት ምክንያት ከሆነ ያሳፍራል። ጀርመናዊው ልጅ መጻፉን ረስቶ 14 ቆርቆሮ ልጧል። ምን እንዳለባቸው የሚያውቅ የለም። እሑድ እሑድ አንድ እየከፈትን ዕድላችንን እንሞክራለን ተብሏል።

ሽንኩርትና ድንች አብረው አይቀመጡም፣ ይበላሻሉ። እንቁላል ፍሪጅ ውስጥ ገብቶ የማያውቅ መሆን አለበት፤ ቫዝሊን ቀብተን በየሁለት ቀኑ እንገለብጠዋለን። ጥቅል ጎመን ንጉሥ ነው፣ ሦስት ሳምንት ይቆያል። ሙዝ አንድ ሙሉ ዘለላ ከነአረንጓዴው ኋላ ላይ ሰቀልን። ስፔናዊቷ «ሁሉም በአንድ ቀን ይበስላል፤ ያን ቀን ቁርስም ምሳም ሙዝ ነው» ብላለች።

ውሃ፦ ለአንድ ሰው በቀን 3 ሊትር፣ አራት ሰው፣ 30 ቀን። 360 ሊትር። ጋኑ 300 ይይዛል፤ 100 ሊትር በጀሪካን ጨመርን። በ5 ኖት ፍጥነት፣ ማለትም በሰዓት 5 የባሕር ማይል ከሄድን በቀን 120 ማይል ነው፣ 22 ወይም 23 ቀን ይፈጃል። የተረፈው ለክፉ ቀን። ዕቃ በባሕር ውሃ ይታጠባል። ገላም እንዲሁ።

ማታ ላይ ጀልባዋ ከነስንቋ አራት ጣት ያህል ወርዳለች። ወገቧ ላይ ያለው ቀይ መስመር አይታይም።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ቅዱስ ሚካኤል። ባለሙያው መጣ! ጠዋት 4 ሰዓት ላይ፣ ፒንሳውን ይዞ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ እያፏጨ። ጋሼ አንዱን ብቻ አይደለም፣ ግራም ቀኝም ሁሉንም እንዲቀይር ነገሩት። አንዱ ከደከመ እኩዮቹም ደክመዋል አሉ። ገንዘቡን ስሰማ ሆዴ ባባ፣ ግን የእኔ አይደለም።

የእኔ ሥራ ቆዳ መስፋት ነበር። የፊቱን ሸራ ወደ ውጭ ወጥሮ የሚይዝ ረጅም ዘንግ አለ፤ የሸራው ገመድ በዘንጉ ጫፍ ውስጥ ያልፋል። ጀልባዋ በተወዛወዘች ቁጥር እዚያች ነጥብ ላይ ይፋተጋል። ሌት ተቀን፣ ሦስት ሳምንት። ሳይጠበቅ የሚበጠሰው እዚያ ነው። ስለዚህ ገመዱን አንድ ክንድ ያህል በወፍራም ቆዳ ጠቅልዬ ሰፋሁት። ቁስል በመስፋት እጄ የታመነ ነው፤ ቆዳ ግን አይደማም እንጂ ከሰው ይከፋል። መርፌው በመዳፍ በሚታሰር ብረት ነው የሚገፋው። ጋሼ መጥተው አዩ። በአውራ ጣታቸው ስፌቱን ዳበሱ። «በየጥበቃ ተራሽ ሁለት ጣት ያህል ገመዱን ለቀቅ አድርጊው» አሉኝ። «አንድ ቦታ ብቻ እንዳይፋተግ።»

ኅዳር 13፣ ዓርብ

ሁሉም ዝግጁ ነው። አንሄድም። ዓርብ ቀን ጉዞ መጀመር በመርከበኛ ዘንድ ገዳቢስ ነው። ጋሼ በእግዜርም በጠንቋይም አያምኑም፣ በዓርብ ግን ያምናሉ።

ስለዚህ ወደቡ ደጃፍ ወጥተን «ሰው ወደቀ» ተለማመድን። ሰውየው ከባልዲ ጋር የታሰረ ነጭ የጎማ ኳስ ነው። ጀርመናዊው ልጅ ሳይታሰብ ወረወረውና ጮኸ። የእኔ ድርሻ አንድ ብቻ ነበር፦ ጣቴን ቀስሬ ማየት። ገመድ አልነካም፣ አልረዳም፣ ዓይኔን አልነቅልም። ቀላል ይመስላል። ነፋሱ 15 ኖት ነበር፤ ምንም አይባልም። ኳሱ ሁለት ማዕበል እንዳለፈ ጠፋ። ብቅ አለ። ጠፋ። አንዴ ዓይኔን ጨፈን አደረግኩና ነጭ አረፋውን ሁሉ ኳስ አደረግኩት። ለመመለስና ለማንሳት 11 ደቂቃ ፈጀብን። ሁለተኛው ላይ 7። ማንም አልተናገረም።

ማታ ሳንታዘዝ ሁላችንም የየራሳችንን መታሰሪያ ቀበቶ ስናስተካክል ተያየን። ደንቡ፦ ከመሸ በኋላ ውጭ ያለ ሰው ሁሉ ከጀልባዋ ጋር ይታሰራል። ጋሼም ቢሆኑ።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

የመድኃኒቱን ሳጥን እንደገና ፈተሽኩት። የቃጠሎ ቅባት ከሁሉ በላይ አበዛሁ፤ በምትወዛወዝ ጀልባ ላይ ምድጃ አጠገብ መቃጠል ቀላል ነው። የስፌት ዕቃ፣ አንቲባዮቲክ፣ የጥርስ ጊዜያዊ መሙያ፣ ዝንጅብል። የባሕር ሕመም ኪኒን ከመነሳት በፊት ነው የሚዋጠው፤ ካስታወክ በኋላ ዋጋ የለውም። ለአራታችንም ለነገ ጠዋት ቆጥሬ አስቀመጥኩ። ጀርመናዊው ልጅ «እኔ አያስፈልገኝም» አለ። ወረቀቱን አስታወስኩት።

ሕይወት አድን ታንኳው የት እንዳለ፣ የጭንቅ ምልክት በሳተላይት የሚልከው ኢፐርብ እንዴት እንደሚበራ፣ ጋሼ አንድ በአንድ አስደገሙን። በመጨረሻ «እኔ ብወድቅስ?» አሉ። ዝም አልን። «ለዚህ ነው የማስተምራችሁ» ብለው ቀጠሉ።

የጥበቃ ተራው ወጣ። ሦስት ሰዓት ሥራ፣ ዘጠኝ ሰዓት ዕረፍት። የእኔ ከ03:00 እስከ 06:00። በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 እስከ 12 ማለት ነው። ስዊድን ስንት ዓመት ኖሬም ሲደክመኝ ጭንቅላቴ በሐበሻ ሰዓት ነው የሚሠራው።

እናቴ ጋ ደወልኩ። «ነገ እኮ የነቢያት ጾም ይገባል» አለች። ሙዙን፣ ሽሮውን፣ በሶውን ነገርኳት። ዓሣ ብንይዝስ አልኳት፤ ያንን ክርክር ስልክ ላይ አልጀምርም አለች። «መንገደኛ ነሽ፣ እግዜር ያውቅልሻል።» ከዚያ ዝም። «ቤልት አለው?» ብላ ጠየቀች። አለው አልኳት።

ኅዳር 15፣ እሑድ

ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ገመዱን ፈታን። ጎረቤት ጀልባዎች ጥሩምባ ነፉልን። ወረቀቱ ላይ 19 ሥራ ሳይሰረዝ ቀርቷል። ጋሼ ገንጥለው አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ወደ ደቡብ ነው የምንወርደው። ወደ ምዕራብ ወዲያው አይታጠፍም፤ የድሮ መርከበኞች «ቅቤው እስኪቀልጥ ወደ ደቡብ፣ ከዚያ ወደ ምዕራብ» ይላሉ። ቅቤ በጾም ይዤ ባልመጣም አቅጣጫው ገብቶኛል። በደሴቶቹ መሐል ነፋሱ እንደ በር ስር ነፋስ ይጠብባል፣ ይፈጥናል። አየር ማረፊያውን ስናልፍ ከ18 ወደ 28 ኖት ዘለለ። ሸራውን አሳነስን። ጀርመናዊው ልጅ ከማታው 2 ሰዓት ላይ ባልዲውን ታቅፎ ወለል ላይ ተኛ። ኪኒኑን አልዋጠም። ስፔናዊቷ ምድጃውን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ምንም ሳትል የበሶውን ከረጢት አወጣች። በማርና በውሃ በጠበጥኩት። ሁለት ሁለት ኩባያ ጠጣን። የማስፓሎማስ መብራት ቤት ከኋላችን ብልጭ ድርግም እያለ ቀረ።

ሌሊት ጋሼ ትከሻዬን ነካ አድርገው ቀሰቀሱኝ። ታስሬ ወጣሁ። ጨለማው ግድግዳ ነው፣ ከዋክብቱ ብቻ ናቸው የሚወዛወዙት። በባትሪ የዘንጉን ጫፍ አየሁ። ቆዳዬ ቦታው ላይ ነው። ገመዱን ሁለት ጣት ያህል ለቀቅ አድርጌ መልሼ አሰርኩ። ነፋሱን አነበብኩ፣ መዝገቡ ላይ ጻፍኩ፣ ተራዬን ጨርሼ እንደ ዳቦ ጉድጓዴ ውስጥ ገባሁ።

ስነቃ ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው መዝገቡን ይዘዋል።

«09:00፣ ነፋስ 22 ኖት፣ ገመዱ ደህና» ብለው አነበቡ። ሰዓታቸውን አዩ። «አሁን ገና ሰባት ተኩል ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነፋሱ ስንት እንደሚሆን ማን ነገረሽ?»